የደረቀው ዋንዛና ቀዳዳው፦ ከመራዊ አቅራቢያ የተወሰደ የጉዳይ ጥናት

ከመራዊ ከተማ ወጣ ብሎ፣ በሰሜን ሜጫ ወረዳ፣ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አለች። በቅጥሯ ምዕራብ በኩል፣ ምእመናን ከመንገዱ ወደ ደጀ ሰላሙ በሚገቡበት ጥግ ላይ፣ አንድ ትልቅ ዋንዛ ደርቆ ቆሞ ነበር። ዛፉ ቅጠል ካወጣ ዓመታት አልፈዋል። ቅርፊቱ በየቦታው ተልጦ ወድቋል፤ ከላይኞቹ ቅርንጫፎች አንዱም በነፋስ ተገንጥሎ አጥሩን ሰብሮታል። በሚያዝያ ወር የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ዛፉ ክረምት ሳይገባ እንዲቆረጥ ወሰነ።

ውሳኔው ያለ ምክንያት አልነበረም። በሰንበት ጠዋት ከዛፉ ሥር ሕፃን ያዘለች እናትም፣ ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌም ያልፋል። ደግሞም ዋንዛ የሚናቅ እንጨት አይደለም። በጎጃም ገጠር ለበርና ለመስኮት፣ ለከበሮም ከዋንዛ የሚመረጥ ብዙ የለም፤ የቤተ ክርስቲያኒቱ ከበሮ ደግሞ አርጅቷል። አንድ የእንጨት ነጋዴም መጥቶ ግንዱን በዓይኑ ለክቶ ዋጋ አቅርቧል። ዛፉ ቢቆረጥ አደጋው ይርቃል፣ ገንዘብ ይገባል፣ ከበሮም ይወጣዋል። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ክርክር የክፉና የደግ ጠብ አድርጎ የሚያነበው ሰው እንዳይኖር ነው። ሁሉም ወገን ለቤተ ክርስቲያኒቱ ያስብ ነበር።

በዛፉ ላይ ወፎች የሚገቡበት ቀዳዳ መኖሩን ለጉባኤው ያነሡት በቅጥሩ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት እማሆይ ናቸው። እኔ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ሥነ ሕይወት ስለማስተምርና ተማሪዎቼም የተፈጥሮ ክበብ ስላላቸው በልጆቹ በኩል አስጠሩኝ። ስደርስ ከጎጇቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትሉ ነበር።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰማያዊዎቹ በየዓመቱ እዚህች ቀዳዳ ይገባሉ» አሉኝ በእንዝርታቸው ወደ ዛፉ እያመለከቱ። «አሁንም ሣር ሲያመላለሱ ይውላሉ። ዛፉ በዚህ ሳምንት ይወድቃል ከተባለ ልጆቻቸውን የት ያደርሷቸዋል?»

«መቼ ጀመሩ፣ እማሆይ?»

«ከትንሣኤ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ግንደ ቆርቁሩ ነበር የሚገባባት። እነሱ መጡና አባረሩት።»

በዚህች አጭር መልስ ውስጥ የጉዳዩ ዋና ነገር ሁሉ ነበር።

ወፏ

እማሆይ «ሰማያዊዎቹ» ያሏቸው ወፎች በሳይንስ ስማቸው ላምፕሮቶርኒስ ካሊቤዩስ ይባላሉ። በጎጃም ወይና ደጋ የሚኖር ሰው በከብቶች እግር ሥር፣ በታረሰ ማሳ ላይ፣ በሾላ ዛፍ አናት ላይ ሁልጊዜ ያያቸዋል። ወፏ ከመንቆሯ እስከ ጅራቷ ጫፍ 22 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ጥላ ውስጥ ስትቆም ጥቁር ትመስላለች። ፀሐይ ላይ ስትወጣ ጀርባዋ በአረንጓዴና በሰማያዊ መካከል ያብረቀርቃል፣ ሆዷ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ ከዓይኗ ኋላ፣ ጆሮዋን በሸፈነው ላባ ላይ፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ምልክት ይታያል። ዓይኗ ደማቅ ብርቱካንማ ቢጫ ነው። ላባዋ ሰማያዊ ማቅለሚያ የለበትም፤ በውስጡ በሥርዓት የተደረደሩ ጥቃቅን የሜላኒን ቅንጣቶች ብርሃኑን ከፋፍለው ስለሚመልሱት ነው እንዲህ የሚያበራው። ወፏ ዞር ባለች ቁጥር ቀለሟ የሚለዋወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ዝርያዋን በ1828 ዓመተ ምሕረት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በሳይንስ መዝገብ ያስገቧት ሄምፕሪኽና ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ናቸው። ሄምፕሪኽ ያን ቀን አላየም፤ ከሦስት ዓመት በፊት በምጽዋ በትኩሳት ሞቶ ነበር። የእኛን የየዕለት ወፍ ስም ለማውጣት የተከፈለውን ዋጋ ተማሪዎቼ ሲሰሙ ለአፍታ ጸጥ አሉ።

ምግቧ ብዙ ዓይነት ነው። አባጨጓሬ፣ ጥንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ምስጥ፣ የሾላና የዋንዛ ፍሬ፣ ሌላም ትበላለች። ፍሬውን ውጣ ዘሩን ሌላ ቦታ ስለምትጥል ዋንዛን ከሚዘሩት አንዷ ናት ማለት ይቻላል። ዘማሪ ከሚባሉት ወፎች ወገን ብትሆንም ዜማዋ የተቆራረጠ ነው፤ ፉጨት፣ ጩኸትና ማጉረምረም ይቀላቀልበታል። ስትበርም ክንፏ ይሰማል።

ለዚህ ጉዳይ ግን ከሁሉ የሚበልጠው አንድ ጠባይዋ ነው። እንቁላሏን የምትጥለው በቀዳዳ ውስጥ ሆኖ ሳለ ቀዳዳ መቆፈር አትችልም። መንቆሯ ለመልቀምና ለመጎተት እንጂ እንጨት ለመፈልፈል አልተሠራም። የምትኖረው ሌላው በቆፈረው፣ ወይም ዕድሜና ብስባሴ በከፈተው ቀዳዳ ነው።

ቀዳዳ ከየት ይመጣል

ቅርንጫፍ ሲሰበር ቁስሉ ሳይደፈን ይቆያል። በቁስሉ በኩል ፈንገስ ይገባና የዛፉን መሐል ቀስ እያለ ያበሰብሰዋል፤ ውጫዊው እንጨት ጠንካራ እንደሆነ ይቀራል። ግንደ ቆርቁር ይህን ያውቃል። ግንዱን በመንቆሩ እየመታ ውስጡ የለሰለሰበትን ቦታ ይመርጥና ለራሱ ቤት ይፈለፍላል። አብዛኛውን ጊዜ ያን ቤት የሚጠቀምበት ለጥቂት ጊዜ ነው። ከእርሱ በኋላ ሰማያዊዎቹ ይገባሉ፣ ድንቢጥ ትገባለች፣ ንብ ይሰፍራል። አንድ ቀዳዳ በዕድሜው ስንት ቤተሰብ እንደሚያስተናግድ በዚህ ዋንዛ ላይ በግልጽ ታይቷል፤ እማሆይ ከዓመታት በፊት ንብ የሰፈረበትን ጊዜም ያስታውሳሉ።

እንግዲህ ቀዳዳ የሚገኘው ያረጀ፣ የቆሰለ፣ ወይም የደረቀ ዛፍ ባለበት ነው። ሜጫ ደግሞ ዛፍ አላጣችም። ከመራዊ ወደ የትም አቅጣጫ ብትሄዱ ባሕር ዛፍ አለ፤ ከቆጋ ግድብ በመስኖ ከሚለማው 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ዳር እንኳ የባሕር ዛፍ መስመር አይጠፋም። የአካባቢው አጣና እስከ ሱዳን ድረስ ተሸጧል፣ ለብዙ ገበሬም ልጅ ማስተማሪያና ቆርቆሮ ቤት መሥሪያ ሆኗል። ወደ አዊ በኩል ሲኬድ ለከሰል የሚተከለው፣ ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ኮረብታውን አልብሶታል። ሁለቱም ግን ገና በጥቂት ዓመታቸው የሚቆረጡ ናቸው። ግንዳቸው ቀጥ ያለ፣ ጤነኛና ቀጭን ሆኖ ይወድቃል፤ ፈንገስም ግንደ ቆርቁርም ሥራ ለመጀመር ጊዜ አያገኙም። ከሩቅ ሲታይ አገሩ ለምለም ነው፤ ለሰማያዊቱ ወፍ ግን ኪሎ ሜትሮች ተጉዛ አንዲት ቀዳዳ የማታገኝበት ደን ነው። ያረጁ ዋንዛዎች፣ ብሳናዎችና ሾላዎች የቀሩት በአብዛኛው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥና በአንዳንድ የእርሻ ድንበር ላይ ነው። በዚህ ምክንያት በዚያ ጥግ የቆመው የደረቀ ዋንዛ ከብዙ ሺህ ባሕር ዛፍ ይልቅ ለወፎቹ ይጠቅማል የሚል አቋም ያዝሁ፤ አሁንም አቋሜ ይኸው ነው።

በቀዳዳው ውስጥ

ቀዳዳው ከመሬት ሁለት ሰው ከፍታ ላይ፣ ከተሰበረ ቅርንጫፍ ጉጥ በታች ነበር፤ አፉ ክብ፣ ጠርዙ በወፎች እግር ብዛት የለሰለሰ። ጎጆውን ላለማስበርገግ ስንል ያየነው እናቲቱ ለመመገብ ስትወጣ ብቻ ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ በመሰላል ወጥታ በቀጭን ሽመል ጫፍ የታሰረ የእጅ መስታወት ወደ ውስጥ አስገባች፤ በሌላ እጇ የስልኳን መብራት መስታወቱ ላይ አበራች። መጀመሪያ የታየው ደረቅ ሣር ነበር፣ በሣሩ ላይ የዶሮ ላባ፣ በላባው መሐል ደግሞ ሦስት እንቁላሎች። ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ፈዛዛ ሰማያዊ መልክ፣ በላያቸውም ቡናማ ነጠብጣብ ነበራቸው። ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው» አለችኝ።

አንድ ዓይነት መሆናቸውን እንድታረጋግጥ የጠየቅኋት ያለ ነገር አልነበረም። ከዛፉ አጠገብ ማር መሪዋን ወፍ አይተናት ነበር። በጎጃም ንብ የሚያነብና ዱር የሚገባ ሰው ያውቃታል፤ እየጮኸች፣ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለች ሰውን ወደ ንብ መንጋ ትመራለች፣ ሰውየው ማሩን ሲቆርጥ እርሷ ሰሙን ትበላለች። ስለ ልጅ አስተዳደጓ ግን ብዙ ሰው አልሰማም። ማር መሪ ጎጆ አትሠራም። በቀዳዳ የሚፈለፍሉ የሌሎች ወፎችን ቤት ትጠብቅና ባለቤቷ ስትወጣ ገብታ ነጭ እንቁላል ጥላ ትሄዳለች። ጫጩቷ ስትፈለፈል መንቆሯ ጫፍ ላይ ሹል ቆልማማ አለው፤ ዓይኗ ሳይከፈት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ፣ የባለቤቷን ጫጩቶች እየነከሰች ትገድላለች። ቆልማማው ውሎ አድሮ ይጠፋል። አሳዳጊዎቹም ሳያውቁ ገዳዩን መግበው ያሳድጋሉ። ይህን ለእማሆይ ስነግራቸው አማተቡ። ለንብ አንቢዎቹ ስነግራቸው ደግሞ ሌላ ነገር አሰቡ፦ ቀዳዳ ያለው ዛፍ ካለቀ ማር መሪዋም የምታድግበት ታጣለች ማለት ነው። ይህ የእነርሱ ሐሳብ በኋላ በስብሰባው ላይ ክብደት ነበረው። በእኛ ጎጆ ውስጥ ግን ነጭ እንቁላል አልነበረም።

የዚህ ዝርያ እናት ከሦስት እስከ አምስት እንቁላል ትጥላለች፤ በዋናነት የምትታቀፈውም እርሷ ናት። ሁለት ሳምንት ያህል ይወስዳል። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ዓይናቸው የተጨፈነ፣ ገላቸው ራቁት ነው፤ አፋቸውን ከመክፈት በቀር የሚችሉት የለም። ከዚያ በኋላ እናትም አባትም ይመግባሉ። ጠዋት ጠዋት አንዱ ሲገባ ሌላው በጉጡ ላይ ተራ ሲጠብቅ ይታይ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያመጡት ለስላሳ አባጨጓሬ ነበር፤ ጫጩቶቹ ሲጠነክሩ ፌንጣውና ጥንዚዛው ተከተለ፣ በመጨረሻም የሾላ ፍሬ ተጨመረ። ሲወጡ ባዶ አፋቸውን አይወጡም። የጫጩቶቹ ኩስ በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ስለሚወጣ ወላጆቹ በመንቆራቸው ይዘው ራቅ አድርገው ይጥሉታል። ጠባብና ጨለማ ቤት የሚጸዳው በዚህ መንገድ ነው።

በቀዳዳ የሚያድጉ ጫጩቶች ክፍት ሆኖ በተሠራ ጎጆ ከሚያድጉት ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቤታቸው ውስጥ ይቆያሉ። ግድግዳው ከዝናብና ከጭልፊት ስለሚጋርዳቸው የሚያስቸኩላቸው ነገር አነስተኛ ነው። የእኛዎቹም ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው፦ መጋዝ ከመጣ ያ ግድግዳ ወጥመድ ይሆንባቸዋል፣ መውጫ የላቸውም።

ስብሰባው

ጉዳዩ እንደገና ለሰበካ ጉባኤው ቀረበ። የደብሩ አስተዳዳሪ ሐሳቤን በትዕግሥት ሰምተው የጠየቁኝ ጥያቄ ከባድ ነበር፦ «ልጄ፣ ይህ ግንድ ሰው ላይ ቢወድቅ፣ ወፍ ነበረችበት ብለን ለእግዚአብሔር መልስ እንሰጣለን?»

«አባታችን፣ እኔም ዛፉ እንዳለ ይቆይ አልልም» አልኋቸው። «ሰው በሥሩ እንዳያልፍ እናድርግ፤ ጫጩቶቹ እስኪወጡ እንታገሥ፤ ከዚያ አደገኛው ክፍል ይቆረጥ።»

ነጋዴው በዚህ አልተደሰተም። ክረምት ከገባ ጭቃው መኪና አያስገባም፣ እንጨቱም ይርሳል አለ፤ እውነቱን ነበር። ክርክሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ የወሰደው ከበሮውን እንዲሠራ የታጨው አናጢ ነው። መዶሻውን ይዞ ወደ ዛፉ ሄደና ግንዱን ከሥር ጀምሮ እስከሚደርስበት ድረስ እየመታ አዳመጠ። ከዚያ ተመልሶ «አባቴ፣ ይህ ግንድ እንጨት የለውም። ከቀዳዳው በላይ ጀምሮ ወደ ታች ባዶ ነው። ለከበሮ የሚሆነኝ ከላይ ያለው ያ ወፍራም ቅርንጫፍ ነው» አለ። ነጋዴው ይህን ሲሰማ ዋጋውን ቀነሰ፤ ጉባኤው ደግሞ በተቀነሰው ዋጋ መሸጡን አልወደደውም። ለወፎቹ ያተረፋቸው ርኅራኄ ብቻ ነበር ብዬ ብጽፍ እውነት አይሆንም። ግንዱ ባዶ በመሆኑ ለሰው የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ ነበር፤ ለወፎቹ የሚጠቅመውም ባዶ በመሆኑ ነው። ይህን የመሰለ አጋጣሚ ሁልጊዜ አይገኝም፤ ግን ካልተመታና ካልተደመጠ መኖሩም አይታወቅም።

ስምምነቱ ይህ ነበር። የአጥሩ መግቢያ ለጊዜው ወደ ደቡብ በኩል እንዲዞርና በዛፉ ዙሪያ እሾህ እንዲታጠር፤ ወፎቹ ከወጡና ክረምቱ ካለፈ በኋላ የላይኞቹ ቅርንጫፎች እንዲቆረጡ፤ ቀዳዳው ያለበት ግንድ ደግሞ እንዲቆም። እሾሁን ያጠሩት የቆሎ ተማሪዎች ናቸው።

ከሦስቱ እንቁላሎች ሁሉም ተፈለፈሉ። ትንሹ ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ሞተ፤ ወንድሞቹ ምግቡን ይቀድሙት ነበር። ሁለቱ ግን በሰኔ መጀመሪያ ከቀዳዳው ወጡ። ልጆቹ እንደ ወላጆቻቸው አያበሩም፤ ሆዳቸው ጥላሸት የመሰለ ደብዛዛ ነው፣ ዓይናቸውም ጥቁር ነው፤ ቢጫው የሚመጣው ሲያድጉ ነው። ከወጡም በኋላ ወላጆቻቸው በአጥሩ ላይ እየተከተሉ ሲመግቧቸው ሰነበቱ። ለዳጉሳ የሚታረሰው ማሳ ላይ ከሌሎች ወፎች ጋር ተቀላቅለው ከበሬው ኋላ ሲለቅሙ ሲታዩ ግን ልጅ ከወላጅ የሚለየው በደብዛዛ ሆዱና በጥቁር ዓይኑ ነበር።

ከጥቅምት በኋላ

በጥቅምት ቅርንጫፎቹ በመጋዝ ተቆረጡ። ወፍራሙ ቅርንጫፍ ለአናጢው ተሰጠ፣ ከበሮውም ከእርሱ ተፈለፈለ፤ ጭራሮው ለበዓል ማገዶ ሆነ። ግንዱ ከቀዳዳው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ስለተቆረጠ ባዶው አናቱ ወደ ሰማይ ተከፍቶ ቀረ። የክረምት ዝናብ በዚያ በኩል ገብቶ ጎጆውን እንዳያጥለቀልቀው አናጢው አንድ ቁራጭ ቆርቆሮ ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ መታበት። በሌላ ቦታ ይህን ለመድገም የሚያስብ ሰው ካለ ክዳኑን አይርሳ፤ ያለ እርሱ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው።

የክበቡ ልጆች በአንድ ግንድ ብቻ አልረኩም። ሁለት ያረጁ የቀርቀሃ ቀፎዎችን ከንብ አንቢ ለምነው ሰሙን ፍቀው አጸዱ፣ የተሰነጠቀውን በእበትና በአመድ ለቀለቁ፣ የፊቱን ቀዳዳ ወደ ሦስት ጣት ስፋት አሰፉ። አንዱን በትምህርት ቤቱ አጥር ባሕር ዛፍ ላይ፣ ሌላውን በቅጥሩ ሾላ ላይ ሰቀሏቸው። ከዘይት ቆርቆሮ የተሠራ ሦስተኛ ሳጥንም ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ውስጡ እንደሚፋጅ በእጃቸው ዳስሰው ስላወቁት ራሳቸው አወረዱት። እንዲህ ባለ ሳጥን ውስጥ ጫጩት ይሞታል። በሾላው ላይ ያለው ቀፎ ሽታው ያልጠፋ ይመስላል፣ ንብ ሰፈረበት፤ ባለቤቱ ቀፎው ተመልሶ ሲሠራለት በማየቱ በጣም ደስ አለው። በባሕር ዛፉ ላይ ያለውን ደግሞ ድንቢጦች ሣር ሞልተውበታል። ሰማያዊዎቹ ከሁለቱም አልገቡም።

በቀጣዩ ሚያዝያ ግን ወደ ግንዱ ተመለሱ። ቆርቆሮውን ለጥቂት ቀናት ከሩቅ ሲመረምሩ ቆይተው ሣር ማመላለስ ጀመሩ። ሌላ ጥንድም መጥቶ ስለዚያችው ቀዳዳ ሲጣላ ዋለ፤ ላባ እስኪረግፍ ተናከሱ። ያ ጠብ የቀዳዳ እጥረት ምን ያህል እንደሆነ ከማንኛውም ንግግር ይልቅ ለጉባኤው አስረዳ። ተሸናፊዎቹ ጥንዶች በዚያ ወቅት በአካባቢው ሲዞሩ ነበር እንጂ ጎጆ ሲሠሩ አላየንም።

አሁን ያለው ሥጋት ምስጥ ነው። በግንዱ ሥር የምስጥ አፈር መታየት ጀምሯል፤ አናጢው ከጥቂት ክረምት በላይ አይቆምም ይላል። በቅጥሩ ውስጥ አዳዲስ የዋንዛ ችግኞች ተተክለዋል፣ ነገር ግን እነርሱ ቀዳዳ የሚያወጡት የዛሬዎቹ የቆሎ ተማሪዎች ሲሸመግሉ ነው። ስለዚህ ጉባኤው ሁለት ነገር በቃለ ጉባኤ አስፍሯል። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ በቅጥሩ ውስጥ ማንኛውም የደረቀ ዛፍ ቀዳዳው ሳይታይ አይቆረጥም፤ በሰሜን በኩል ያለው ግማሽ ጎኑ የደረቀ ብሳናም እንዲሁ ይቆያል። ብሳናው ከመንገድ የራቀ ነው፣ ቢወድቅ የሚጎዳው ሰው የለም። ግንደ ቆርቁሩም ከተሰበረው ቅርንጫፍ በታች መቆፈር ጀምሯል።